ሠላሳ ሺህ ሠላሳ አንድን ይዤ ሽምግልና ሄድኩ

በዚህ አገር ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ውሸታም ቢኖር የሠርግ ሽማግሌ ነው! ሌላው ሰው ሲዋሽ ያፍራል፤ ሽማግሌ ሲዋሽ ጋቢ ይለብሳል። አትቆጡኝ… እናንተም አንድ ቀን ለዘመድ ልጅ ሽማግሌ ሆናችሁ ሄዳችኋል። «ልጁ መጠጥ የሚባል ነገር አይቀምስም» ብላችኋል፤ በዋዜማው ብርጭቆ ያጋጫችሁት ግን ከእሱው ጋር ነው። «እናቱ እንደሆነች ክፉ ቃል ከአፏ አይወጣም» ብላችኋል፤ እናትየው ደግሞ ጎረቤታችሁ ናት፣ ግድግዳው ቀጭን ነው፣ ሁሉንም ትሰማላችሁ። ታዲያ በሐሰተኛ ምስክርነት የከሰሳችሁ አለ? እንዲያውም የሠርጉ ቀን ከፊት አስቀምጠው ጥሬ ሥጋ ቆረጡላችሁ።

እኔ ግን ተያዝኩ። የያዘኝ ፖሊስ አይደለም፣ ዐቃቤ ሕግም አይደለም… ቁጥር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ ዮናታን ሊፍት ጠጋኝ ነው። እኛ ለቡ ያለው ሕንፃ ሁሉ ወደ ላይ እየሄደ ስለሆነ እሱም ሥራ በሥራ ሆኗል። አባቱ የሞተበት ገና ሕፃን ሳለ ነው፤ «አጎቴ» ብሎ ሲጠራኝ ከቃሉ ይልቅ ድምፁ «አባቴ» ይላል። እኔም ከወለድኳቸው ለይቼ አይቼው አላውቅም። ይህ ልጅ ሕይወት የምትባል የነፋስ ስልክ ልጅ ወደደ። ወደደ ብቻ ሳይሆን ከሳ። አንድ እሑድ ቤቴ መጣና ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጁን ያሻሽ ጀመር።

«አጎቴ፣ ሽማግሌ ሁንልኝ።»

«ምን ችግር አለ።»

«አባቷ መምህር አስፋው ይባላሉ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ከዚህ በፊት ለሌላ ሰው የመጡ ሽማግሌዎችን መልሰዋል።»

«ለምን?»

«ልጁን አታውቁትም ብለው።»

«የሒሳብ ሰው ከሆኑማ ጥሩ ነው፤ ሒሳብ ለእኔ ውሃ ነው» አልኩት።

ውሃ ነው ያልኩት ከልቤ ነው። ዋና አልችልም። ትምህርት ቤት ሳለን የሒሳብ መምህራችን ወደ ሰሌዳው ሲዞሩ እኔ ወደ መስኮቱ እዞር ነበር፤ በዚህ ሁኔታ ተለያይተን ቀረን። ግን ልጁ በዚያ ዓይኑ እያየኝ «አልችልም» ልበል? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው!

ሽማግሌ ብቻውን አይሄድምና ኦቦ ደበላን ለመንናቸው። ኦቦ ደበላ ለቡ የጤፍ ማሳ በነበረች ጊዜ እዚያው የተወለዱ፣ ዛሬም ከግቢያቸው ጀርባ ላሞች የሚያልቡ፣ ከግቢያቸው ፊት ደግሞ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የሚሸጡ ሰው ናቸው። ለሽምግልና ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመልሰው አያውቁም ይባላል። ሦስተኛው ሽማግሌያችን በመጨረሻዋ ሰዓት «ወገቤን» ብሎ ቀረ። እኔና ኦቦ ደበላ ጋቢያችንን ተከናንበን ከለቡ ሚኒባስ ተሳፈርን።

መምህር አስፋው ቀጭን፣ ረጅም፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰው ናቸው። በረንዳቸው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ የሰፈሩን ልጆች ያስጠኑበታል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ ሰላም ብለውን ወደ ጓዳ ገቡ፤ በሩን ግን ገርበብ አድርገው ተዉት። ይህንን ልብ በሉ… የሴት ልጅ እናት ከገርበብ በር ኋላ ሆና የማትሰማው ነገር የለም።

«ይቀመጡ» አሉን መምህሩ።

«ቃል ሳናገኝ አንቀመጥም» አሉ ኦቦ ደበላ እንደ ወጉ። ቆመንም ልጃችንን ማመስገን ጀመርን። ኦቦ ደበላ ስለ ጨዋነቱ፣ ስለ ታታሪነቱ፣ ስለ እናቱ ምርቃት ተናገሩ። እኔም ከእሳቸው እንዳላንስ ብዬ፣

«ሥራው ራሱ ሰውን ከፍ ማድረግ ነው» አልኩ።

«ዝቅም ያደርጋል። ሊፍት አይደል?» አሉ መምህሩ።

ኦቦ ደበላ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

«ታዲያ ምንም እንከን የለበትም ነው የምትሉኝ?»

«ምንም» አልን ሁለታችንም እኩል።

መምህር አስፋው ቾክ አነሱና ሰሌዳው ላይ በትልቁ 30,031 ብለው ጻፉ።

«ይህን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ብቸኛ ቁጥር ነው ወይስ አይደለም? አጥንታችሁ የዛሬ ሁለት ሳምንት ንገሩኝ።»

ኦቦ ደበላ ሰሌዳውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መምህሩን አዩ። «ጌታዬ፣ እኛ የመጣነው ለልጅቷ ነው። ይሄ ለእሷ ምን ያደርግላታል?»

«ቁጥር እንዴት እንደምትመረምሩ ካየሁ፣ ሰው እንዴት እንደምትመረምሩ አውቃለሁ። የልጄን ነገር የምወስነው ያኔ ነው። ደግሞ ስልክ እንዳትጠይቁ። በራሳችሁ እጅ ሥሩት።»

ቃል ገባን፤ ወጣን። ሚኒባስ ውስጥ ኦቦ ደበላ፣ «ስለ ልጁ እኔ እናገራለሁ፤ ቁጥሩ የአንተ ነው። ውሃ ነው ብለሃል አሉ» አሉኝ።

ብቸኛ ቁጥር ማለት፣ ለረሳችሁት ላስታውሳችሁ (እኔ አውቄው ስለማላውቅ አልረሳሁትም)፣ ከራሱና ከአንድ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ሌላ ቁጥር የሌለው ማለት ነው። ሰባት ብቸኛ ነው። ስምንት አይደለም፤ ሁለትና አራት ገብተው ይከፋፈሉታል። ትንንሾቹንማ ማንም ያውቃቸዋል። ጉዱ ያለው ትልልቆቹ ጋ ነው። ትልቅ ቁጥር እንደ ትልቅ ሰው ነው፤ ፊቱን አይታችሁ ውስጡ ማን እንደገባበት አታውቁም።

ያን ሰሞን ቤቴ ቤት አልነበረም። ያገኘሁት ወረቀት ላይ ሁሉ አካፍላለሁ። በመጀመሪያ ለሁለት ሞከርኩት፤ ጫፉ ላይ አንድ ስላለ እምቢ አለ። ለሦስት፣ እምቢ። ለአምስት፣ እምቢ። ለሰባት ሳካፍለው ባለቤቴ መጣችና ከትከሻዬ በላይ አየችኝ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ሠላሳ ሺህ ሠላሳ አንድን እያካፈልኩ። ሰባትን ልጨርስና ለአሥራ አንድ፣ ከዚያ ለአሥራ ሦስት።»

«አሥራ ሦስቱ እነማን ናቸው?»

ሳላገባት በፊት ሽማግሌ የላኩባት ሴት ናት፤ ያን ዕለትም ስለ እኔ ተብሎ የተነገራት ስለ ሌላ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ራሷን ነቅንቃ ሄደች።

ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ… ለሁለት ባካፍለው አንድ ይቀራል። ለሦስት አንድ ይቀራል። ለአምስት አንድ፣ ለሰባት አንድ፣ ለአሥራ አንድ አንድ፣ ለአሥራ ሦስትም አንድ! ሁሌ አንድ! ከወንበሬ ተነሣሁ። አንዱን ቀንሼ ሠላሳ ሺህ ሠላሳን ብወስድ ስድስቱም ያካፍሉታል ማለት ነው። ሁለትን በሦስት፣ በአምስት፣ በሰባት፣ በአሥራ አንድ፣ በአሥራ ሦስት እያባዛሁ ሄድኩ… ልክ ሠላሳ ሺህ ሠላሳ! ለካ ቁጥሩ የተሠራው እንዲህ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ብቸኛ ቁጥሮች አባዝቶ አንድ መደመር። ማንም ሳይነግረኝ ደረስኩበት። እናቴ በሕይወት ብትኖር ደውዬ እነግራት ነበር።

ከዚያ ያው ዘዴ ከታች ጀምሮ ይሠራ እንደሆነ ፈተሽኩ። ሁለት ላይ አንድ ስንደምር ሦስት፤ ብቸኛ ነው። ሁለትን በሦስት አባዝተን አንድ ስንደምር ሰባት፤ ብቸኛ ነው። አምስትን ስንጨምር ሠላሳ አንድ፤ ብቸኛ ነው። ሰባትን ስንጨምር ሁለት መቶ አሥራ አንድ፤ እሱም ብቸኛ ነው። አሥራ አንድን ስንጨምር ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ አንድ… ይሄኛው ቅዳሜዬን ሙሉ በላው፣ ሳካፍል ሳካፍል ጣቴ ቆሰለ፣ በመጨረሻ እሱም ብቸኛ ሆኖ ተገኘ!

ስድስተኛው የእኛው ነው። ለእሱ ከአሥራ ሦስት ተነሥቼ እስከ መቶ ሰባ ምናምን ድረስ ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ማካፈል ነበረብኝ። እንግዲህ ፍረዱኝ… አምስት ጊዜ የታመነ በስድስተኛው ይከዳል? ይከዳል ብሎ መጠርጠርስ ከጨዋ ሰው ይጠበቃል? እስክሪብቶውን ከደንኩ፤ ተኛሁ።

በቀጠሯችን ዋዜማ ዮናታን ደወለ። «አጎቴ፣ ቁጥሩን እርግጠኛ ነህ? ሕይወት ‘አባቴ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም’ ብላኛለች።»

«አንተ ሊፍትህን ጠብቅ» አልኩት።

በቀጠሮው ቀን ዮናታን አላስችል ብሎት ተከተለን። መምህሩ ቤት ፊት ለፊት ጁስ ቤት አለ፤ እዚያ አስቀምጠነው ገባን። ሰሌዳው ላይ ቁጥሩ እንዳለ ነው። ወይዘሮ አልማዝ ሰላም አሉን፤ ጓዳ ገቡ፤ በሩን ገርበብ አደረጉ። እኛ ቆምን።

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ አይደል የሚባለው? እኔም ንግግሬን እንደ ሠርግ ቀን ልብስ ተኩሼ ነበር ያመጣሁት።

«መምህር፣ ቁጥሩን መረመርነው። ሁለት መጣበት፣ አልከፈለውም። ሦስት መጣበት፣ አልከፈለውም። አምስትና ሰባት፣ አሥራ አንድና አሥራ ሦስት ተሰልፈው መጡበት፣ አልከፈሉትም። ቁጥሩ ብቸኛ ነው። እንዲያው መምህር፣ ሳስበው… ይህ ቁጥር ቁርጥ ልጃችንን ነው! ዮናታንንም ክፉ ጓደኛ መጣበት፣ አልከፈለውም። ሱስ መጣበት፣ አልከፈለውም። ልጃችን ማለት ሠላሳ ሺህ ሠላሳ አንድ ማለት ነው።»

ኦቦ ደበላ በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ራሴ ዓይኔ እንባ አቅርሯል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እኔ ግን ከጅቡም ብሼ በሚያውቁት አገር ነው የጠየቅኩት።

መምህር አስፋው ተነሡ። ቾካቸውን አነሱ። ሰሌዳው ላይ 59 ጻፉ፤ ከሥሩ 509 ጻፉ፤ ሳይቸኩሉ አባዙ። የቾኩ ድምፅ ብቻ ይሰማል። መስመር አሰመሩና መልሱን ከታች አስቀመጡ… ሠላሳ ሺህ ሠላሳ አንድ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ! አፌን ዘጋሁት፤ ዘግይቼ ነው እንጂ።

«ከአሥራ ሦስት በላይ ሞክረዋል?» አሉኝ።

«አልሞከርኩም።»

«ለምን?»

«ከታች ያሉት አምስቱ ስለሠሩ…»

«አዎ፣ አምስቱ ይሠራሉ። እኔም የመረጥኩት ለዚሁ ነው። ከአሥራ ሦስት በኋላ አሥር ብቸኛ ቁጥሮችን ታግሠው ቢያልፉ ኖሮ አሥራ አንደኛው እሱ ነበር።» ቾኩን አስቀመጡና እጃቸውን አራገፉ። «ልጃችን ማለት ይህ ቁጥር ማለት ነው ብለዋል?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው እናንተ ያልደረሳችሁበት ሃምሳ ዘጠኝ ልጁም አለው ማለት ነው።»

ወደ ኦቦ ደበላ ዞር አልኩ። ያ ሁሉ ሠርግ ያቀና ሽማግሌ፣ ያ ሁሉ ቤት ያስታረቀ አንደበት አንድ ነገር ይላል ብዬ… ኦቦ ደበላ ከእኔ አንድ እርምጃ ራቅ ብለው፣ «እኔ ከዚህ ሰውዬ ጋር ታክሲ ላይ ነው የተገናኘነው» አሉ።

አሁን ሳወራው ያስቃል። ያኔ ግን ላብ አጠመቀኝ፤ ለራሴ አፍሬም አይደለም። በክፍቱ የግቢ በር ዮናታን ይታየኛል። ያዘዘውን ጁስ አልነካውም። አባት የሌለው ልጅ፣ አባት ይሆነኛል ብሎ የላከው ሰው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከአሥራ ሦስት አላለፍኩም። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይላሉ። ይሄ ልጅ በእኔ ስንፍና ሚስት ሊያጣ ነው።

«የልጁን ሃምሳ ዘጠኝ ንገሩኝ» አሉ መምህሩ። «አንድ እውነተኛ ጉድለት። ከዚያ ወይ እሺ እላለሁ፣ ወይ እሸኛችኋለሁ።»

ተመልከቱልኝ! የሽማግሌ ሥራ ጉድለት መሸፈን ነው። ጉድለት አውጣ የተባለ ሽማግሌ ምን እንደሚያደርግ አባቶቻችን አልነገሩንም። ኦቦ ደበላ ጣራውን ያያሉ።

«ያኮርፋል» አልኩ።

«እንዴት ያለ ኩርፊያ?»

«ዝም ይላል። እንደ ሌላው ሰው ተቆጥቶ፣ ተሳድቦ፣ ወጥቶለት አያድርም። የእሱ ኩርፊያ የቀን ሠራተኛ አይደለም፤ ቋሚ ቅጥር ነው። እናቱ ምሳ ስታቀርብለት ይበላል፣ እጁን ይታጠባል፣ አንድ ቃል አይተነፍስም። እኔን እንኳ እሱ የገጠመልኝን ሶኬት ሌላ ኤሌክትሪሺያን አስነክቼ አንድ ወር አኩርፎኛል።»

መምህሩ አላቋረጡኝም። እኔም አንዴ ከጀመርኩ…

«በዚያው ወር ታመምኩ። ማን እንደነገረው አላውቅም፣ መኪና ተከራይቶ መጣ። ደግፎ አወረደኝ፣ ሐኪም ቤት አደረሰኝ፣ መድኃኒቱን ገዛ፣ ቤቴ መለሰኝ፣ ብርድ ልብሱን አለበሰኝ። በመንገዱ ሁሉ አላናገረኝም። ስንደርስ ‘እግዜር ይስጥልኝ’ ስለው ፊቱን ወደ ሶኬቱ አዞረ። እንዲህ ያለ ልጅ ነው መምህር። አኩርፎ ግን አይሄድም። ሌላ የማውቀው የለኝም።»

ገርበብ ያለው በር ትንሽ ተከፈተና የወይዘሮ አልማዝ ድምፅ መጣ።

«እውነታቸውን ነው። ሕይወትም ያለችው ይሄንኑ ነው።»

መምህር አስፋው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ልጄ ሁሉንም ቀድማ ነግራናለች። እንደሚያኮርፍም ታውቃለች፣ እንዴት እንደምትታረቀውም ታውቃለች። የቀረን እናንተ ትነግሩን እንደሆነ ማየት ነበር። ያለፉት ሽማግሌዎች ያመጡት ልጅ ምንም ጉድለት አልነበረበትም፤ እንደዚያ ያለ ሰው ቤቴ አላስገባም።» ከዚያ ወደ ሰሌዳው እያዩ፣ «ሠላሳ ሺህ ሠላሳ አንድ መጥፎ ቁጥር አይደለም። በምን እንደሚካፈል ካወቁለት በጣም የሚመች ቁጥር ነው» አሉ።

ይህን ጊዜ ኦቦ ደበላ ከዕድሜ ልክ ግዞት የተፈቱ ይመስል ወደ ፊት ቀረቡ። «እውነት ይነገር ከተባለማ መምህር፣ ባለፈው የዳርኩት ልጅ እኮ…» እግራቸውን ረገጥኩ።

«ተቀመጡ» አሉን መምህሩ።

ተቀመጥን። ወንበር እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም።

«ልጄን ሰጥቻለሁ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለኝ።»

የሴት ልጅ አባት ቅድመ ሁኔታ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ… ቤት ይኖራል፣ ወርቅ ይኖራል፣ ተማሪ ከሆነች ትምህርቷን ትጨርስ ይኖራል። ሁሉንም እሺ ለማለት ጋቢዬን አስተካክዬ ቀረብኩ። እሳቸው ግን ሌላውን ሁሉ ትተው እኔን በጣታቸው አመለከቱ።

«እግዚአብሔር ፈቅዶ የልጅ ልጆች ሲወለዱ፣ ሒሳብ የሚያስጠኗቸው እርስዎ እንዳይሆኑ።»

«ቃሌ ነው» አልኩ። ኦቦ ደበላም ያለጠያቂ ዋስ ሆኑ።

ወጥተን ጁስ ቤት ስንደርስ ዮናታን ከወንበሩ ተነሣ፤ ከንፈሩ ደርቋል። «እሺ ብለዋል» አልኩት። አቀፈኝ፤ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም፤ እኔም አለቀስኩ፣ አልደብቃችሁም። ከዚያ ቅድመ ሁኔታውን ነገርኩት። ዝም አለ። አንገቱን ደፋ። አዬ፣ አጎቴን አዋረዱብኝ ብሎ አኮረፈ፤ ሠርጉ ሳይደርስ ወር ሙሉ ሊዘጋን ነው ብዬ ደነገጥኩ።

«ቅር አለህ?» አልኩት።

«ኧረ አጎቴ» አለኝ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ፣ «በእሱ እንኳ እኔና ሕይወት ቀድመን ተስማምተናል።»